መስታወት የሌለበት ቤት

ሰኞ 3

ይህ ደብተር የልክ መጻፊያ ነው። ከፊት በኩል የደንበኞች ቁመትና ወርድ አለበት። ከኋላ በኩል ባዶ ስለሆነ እዚህ እጽፋለሁ። የመስታወት ቆራጭ ደብተርን ማንም ገልብጦ አያነብም።

ዛሬ ከሆስፒታሉ ደወሉ። የልጅ ልጄ የቀዶ ጥገና ተራ ደርሷል፤ የሚመጣው ወር በገባ በዘጠኝ፣ ማክሰኞ። ስልኩን ዘግታ ሱቁ መሀል ቆመች። ዙሪያዋ ሁሉ መስታወት ነውና ሰባት ስምንት ሆና ነበር የቆመችው። ሁሉም እኔን ያያሉ።

“አባባ፣ እሺ በለኝ” አለች።

“እምቢ።”

“ለምን?”

“አንድ ጊዜ ተቀደደ፣ ተሰፋ። በቃ።”

ከንፈሯ ተሰንጥቆ ነው የተወለደችው። ሕፃን ሳለች ሰፉላት። ከንፈሩ ገጠመ፤ አፍንጫዋ ግን በግራ በኩል እንደተኛ ቀረ። ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ሞላት። ፊቷ ማደጉን ስለጨረሰ አፍንጫውን አሁን ነው የምናቃናው ይላሉ። ይበሉ።

ዕድሜዋ ደርሷል፣ የኔ ፊርማ አያስፈልጋትም። ይህንኑ ነገርኳት። “ፊርማ መች ጠየቅሁህ? እሺ በለኝ ነው ያልኩት። እሺ ካላልከኝ አልገባም” አለችና ፍሬም መሞረዷን ቀጠለች።

ግትር ናት። ከማን እንደወረሰችው እንጃ።

ረቡዕ 5

ሥራ በዛ። ለፀጉር ቤት ስድስት ቁራጭ። ባለቤቱ ነገ ካልደረሰልኝ አለ፤ አፍንጫህን ላስ አልኩት። ለሁሉም የምለው ነው፣ አልተቀየመም። ሳቀና ሄደ።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ለደንበኛው ሲያወራ በግድግዳው ሰማሁት። “ስሙ እምቢ ነው። ሲወለድም እምቢ ብሎ አዋላጇን ሁለት ቀን ያስጠበቀ ነው። አንድ ቀን እሺ ያለ እንደሆነ ያ ጢሙ በሙሉ ይረግፋል።” ተሳሳቁ።

ይሳቁ። የሱ መርፌ ልብስ እንጂ ወሬ ሰፍታ አታውቅም።

ሐሙስ 6

ሐኪሟ ዘንድ ሄድን። ከልጄ ታንሳለች። እጇ ግን የሠራተኛ እጅ ነው፤ ጥፍሯ አጭር፣ አይቅበዘበዝም።

ወረቀት አጥፋ ድንኳን ሠራችልኝ። “አባቴ፣ አፍንጫ ማለት እንዲህ ነው። የእሷ መሀል ምሰሶ ጠምሟል። በግራ በኩል ያለው ሸራ ደግሞ የሚይዘው አጥቶ ወድቋል። ምሰሶውን አቃናለሁ። ከጎድኗ ትንሽ ለስላሳ አጥንት ወስጄ ድጋፍ አደርግለታለሁ። የከንፈሯንም ጠባሳ ከፍቼ እንደገና እሰፋዋለሁ።”

“ከተጫረበት ላይ አይጫርም” አልኩ።

ምን ማለት እንደሆነ አልገባትም፤ አስረዳኋት። መስታወት ላይ መቁረጫውን አልማዝ አንድ ጊዜ ነው የምታሳልፈው። አንድ ጊዜ፣ ትንፋሽህን ይዘህ፣ ሳትቆም። በዚያው መስመር ከደገምክ መስታወቱ ካሰብከው ውጭ ይሰነጠቃል፣ አልማዙም ይደንዛል። አርባ ሦስት ዓመት ቆርጫለሁ። ደግሜ አላውቅም። ያስተማረኝም የለም፣ መስታወቱ ራሱ ነው ያስተማረኝ።

“መስታወት ቂም ይይዛል፣ አባቴ። ሥጋ ይረሳል” አለች።

 

የቁንጅና ጉዳይ ነው አልኳት። “በግራ በኩል አየር አይገባትም እኮ። ተኝታ ሰምተዋት አያውቁም?”

ሰምቻት አላውቅም ወይ ትለኛለች። መኝታችንን የሚለየው አንድ ጣውላ ነው። እናቷ እዚህ ትታት ሥራ ከገባች ጀምሮ እንቅልፍ የሚወስደኝ በፉጨቷ ነው። ቀጭን ነው፤ ነፋስ በበር ስንጥቅ ሲገባ እንደሚሰማው። ሲቋረጥ እነቃለሁ። ሲቀጥል እተኛለሁ።

ፎርም ትሞላ ነበር። “በቤተሰቡ ውስጥ ሌላ እንዲህ ሆኖ የተወለደ አለ?”

“የለም።”

“በእናት ወገን? አጎት፣ አያት...”

“የለም አልኩሽ!”

ለምን እንደጮኽኩ አላውቅም። ወንበሩ አይመችም ነበር።

እሑድ 9

ዝናብ ነው። ሱቅ ዝግ ነው። ጊዜ ስላለኝ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ከምሳ በኋላ ጋደም ብዬ አንድ ነገር አየሁ። ሕልም አይባልም፣ ዓይኔ ግማሹ ክፍት ነበር። እናቴ አንድ ሰፊ ቤት ውስጥ ተቀምጣለች። የቤቱ ግድግዳ ውሃ ነው፤ አይፈስም፣ ቆሟል። እኔ ከነሽበቴ ጉልበቷ ላይ ነኝ። እንግዳ ሲገባ የሻሿን ጫፍ አፌ ላይ ጣል ታደርጋለች። ሲወጣ ታነሳዋለች። ሲገባ ትሸፍናለች፣ ሲወጣ ትገልጣለች። ጨርቁ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። “ልጅሽ ተኝቷል እንዴ?” ይሏታል። “አዎ፣ ተኝቷል” ትላለች። ልናገር ስል ጨርቁ አፌ ውስጥ ይገባል። ስነቃ ጢሜን ነክሼ አገኘሁት።

ጢሜን ለፀጉር ቆራጭ አላስነካም። ራሴ በመቀስ፣ በዳበሳ ነው የምከረክመው። ልብስ ሰፊው “ያ ጢም ሳይሆን መጋረጃ ነው፣ ዘርፍ ልስፋልህ?” ይለኛል። ቤቴ ውስጥ መስታወት አለመኖሩም ይገርመዋል። ቀን ሙሉ ሳየው የምውለውን ቤቴ ገብቼ ለምን አያለሁ? ምክንያቱ ይኸው ነው። ልጅቷ በሕፃንነቷ ከሆስፒታል ወደዚህ ቤት በመጣችበት ሳምንት ያለውን አንድ መስታወት ያወረድኩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ማምሻ ላይ ልጄ መጣች፤ የልጅቷ እናት። ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ነው የምትሠራው፣ የምታድረውም እዚያው ነው። እጇ ከሳሙናው ብዛት ነጭ ሆኗል።

“አባዬ፣ ምን ይቀንስብሃል? ሁለት ፊደል እኮ ነው። እ እና ሺ።”

“ፊደሉን ካንቺ በፊት አውቀዋለሁ።”

እውነት ነው። መስታወት ተጠቅልሎ ከሚመጣበት ጋዜጣ ነው ለብቻዬ ማንበብ የተማርኩት። ቁራጭ ስለነበር የብዙ ወሬ መጨረሻ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ልጄ ነጩን እጇን ጉልበቷ ላይ አጣጠፈች። እንዲህ ስትቀመጥ ያን ቀን ታስታውሰኛለች። ሕፃኗ የተወለደች ሰሞን አማቷ መጥታ አልጋው ግርጌ ቆመች፤ “በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም። እርጉዝ ሳለሽ ምን አይተሽ ነው? ምን በልተሽ ነው?” አለቻት። ባሏ ወለሉን ያያል። እኔም እዚያው ነበርኩ፣ ወንበር ላይ። ጢሜን እየጎተትኩ ነበር። ባልየው ሳይከርም ሄደ። ሰነፍ ሰው ነበር፤ ባይሄድም ይሄድ ነበር።

ማክሰኞ 11

ደገምኩ።

ለአዳራሽ የታዘዘ ትልቅ መስታወት። ከሰዓት ፀሐይዋ ዝቅ ስትል በበሩ ገብታ ከአንዱ መስታወት ወደ አንዱ ትዘላለች፤ ያን ጊዜ ሱቁ የቱ ግድግዳ የቱ አየር እንደሆነ አይለይም። አልማዙን ስቤ ግማሽ ላይ ስደርስ ልጅቷ መስታወቱ ውስጥ አለፈች። አጎንብሳ ትወለውል ነበር፤ እንደ ሁልጊዜዋ ፊቷን ወደ ጎን ዘወር አድርጋ። እጄ ቆመ። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ቋ ብሎ ተሰነጠቀ።

“አባባ፣ እጅህ!”

“ደህና ነኝ። ጥረጊው።”

ከጎድን አጥንቷ ሊወስዱ መሆናቸውን ልብስ ሰፊው ሰምቷል። “ድሮ ከጎድን ሴት ተሠራች፣ አሁን ደግሞ ሴቲቱ ከገዛ ጎድኗ አፍንጫ ታሠራለች። ዓለም ወደፊት እየሄደች ነው፣ አንተ እምቢ!” አለኝ። እሷ በእጇ አፍንጫዋን ሸፍና ሳቀች። ስትስቅ ሁልጊዜ ትሸፍናለች።

ዓርብ 14

መጥፎ ቀን። ባልጽፈው ይሻለኝ ነበር።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ደንበኛ ነበር፣ ልብስ ሰፊውም በሩ ላይ። መጣችና “አባባ፣ ዛሬ መልስ ስጠኝ። እሺ ወይስ እምቢ?” አለች። እምቢ አልኩ። “ምክንያቱን ንገረኝ፣ እንደ ሰው ንገረኝ” አለች። ተናደድኩ። አፌ ላይ የነበረው ወጣ።

“አፍንጫሽን ላሺ!”

 ደንበኞቹ ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት አጡ፤ በየትም ቢዞሩ እሷ አለች። እሷም በየትም ብትዞር ራሷ አለች። መወልወያውን አጥፋ፣ በሥርዓት አጥፋ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች።

ለሁሉም የምለው ነው። ለፀጉር ቤቱ ሰውዬ ብዬው የለም እንዴ?

ልብስ ሰፊው አልቀለደም። ሱቁን ሊዘጋ ሲል ብቻ “የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም” ብሎኝ አለፈ።

ቅዳሜ 15

አላናገረችኝም።

ማክሰኞ 18

ሥራ ትመጣለች፣ ትሞርዳለች፣ ትሄዳለች። “ይሄ ስንት በስንት ነው?” ትለኛለች። እነግራታለሁ። ከዚህ ሌላ የለም።

ትላንት ተኝታ ሳዳምጥ ፉጨቱ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። ሦስት ጊዜ ተነስቼ ተቀመጥኩ።

እሑድ 23

ዝናቡ ጣራውን በሳ። ከእናቷ ጋር ወጥታ ስለነበር የሚንጠባጠበው አልጋዋን እንዳያበላሽ ፍራሹን ልስብ ገባሁ።

ከፍራሹ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ፈታሁት። መዳፍ የሚያህል መስታወት ነው።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። አንደኛው ጎኑ የኔ ጭረት ነው፤ የራሴን ቁርጥ በጨለማም እለየዋለሁ። ሌሎቹን ጎኖች እሷ ሞርዳዋለች። መጀመሪያ ላይ ግን በሞረድ አይደለም፣ በድንጋይ ነው፤ ጠርዙ ወልጋዳ ነው። ሞረድ መያዝ ሳትችል፣ ስድስት ሰባት ዓመቷ ሳለ የሠራችው ነው። ከዚያ እጇ ሲያድግ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰች ቆይታለች። የጀርባው ቀለም እንኳ በጣቶቿ ቦታ ተፍቋል።

እንግዲህ ቤቴ ውስጥ መስታወት ነበር። ሁልጊዜም ነበር። ግድግዳው ባዶ ስለሆነ የማታይ መስሎኝ ስኖር፣ እሷ በኔው ጣራ ሥር፣ በኔው ቁራጭ፣ ለብቻዋ ስታይ ኖራለች። ሳላያት እንድታይ አደረግኋት ማለት ነው። እንዲህ ጻፍኩ? ይሁን፤ አልሰርዘውም።

እንደነበረው ጠቅልዬ መለስኩት። ለፍሳሹ ባልዲ አስቀመጥኩ። ከሰዓቱን ሙሉ የጠብታው ድምፅ ከውሃ በታች እንዳለሁ አስመሰለኝ፤ ከላይ ሰዎች ሲያልፉ፣ ሲያወሩ፣ “ተኝቷል እንዴ?” ሲሉ ይሰማኛል።

ረቡዕ 26

ልጄ በሥራ ሰዓቷ መጣች። ሮጣ ነው።

“አባዬ፣ ከሆስፒታሉ እስከ ሰኞ አረጋግጡ ብለዋል። ካላረጋገጠች ተራው ለሌላ ይሰጣል። ቀጣዩ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ልጅቷ ደግሞ ‘እሺ ሳይለኝ አልገባም’ ብላለች። ያንተው ጉድ ናት።”

“አውቃለሁ።”

“ታውቃለህ? ሌላ ነገርም እወቅ። ትላንት ምን ብላ እንደጠየቀችኝ ልንገርህ? ‘እማዬ፣ እኔም ብወልድ እንዲህ ይሆናል? ከማን መጣ?’ አለችኝ። ከኔ ነው አልኳት። ምን ልበላት? ከኔ ነው ብለውኝ የለ?”

ሄደች። አልማዙን ፈለግሁ፣ እጄ ላይ ነበር።

አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል። ይህን ከጋዜጣ አይደለም ያገኘሁት።

እሑድ 30

ጠዋት ሁለቱም ገበያ ሄዱ። እናቴን ደግሜ አየኋት። ውሃው ቤት ውስጥ ነበረች። አሁን ግን እንግዳ አልመጣም። ሻሿ ጉልበቷ ላይ ነበር፣ ታጥፎ፣ በሥርዓት ታጥፎ። ታየኛለች። ብዙ አየችኝ።

ተነስቼ ውሃ አሞቅሁ። መስታወቱን ከፍራሹ ሥር አወጣሁና መስኮቱ ላይ አቆምኩት። ጢሜን ላጨሁ።

ሞቆኝ ነበር።

መዳፍ በሚያህል መስታወት ሙሉ ፊት አይታይም። በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚታየው። ከአፍንጫዬ በታች አንድ የማውቀው ልጅ ነበር። ስፌቱ ወፍራም ነው፣ ወደ ቀኝ ይስባል፣ ከንፈሩም እዚያ ጋ እንደ ማንጠልጠያ ከፍ ይላል። ሃምሳ ዓመት አልፎታል፣ አላረጀም። ሚስቴ ነፍሷን ይማርና ታውቀው ነበር፤ ለማንም አልነገረችም፣ ለኔም ጭምር።

በሩ ተከፈተ። ልጅቷ ቀደመች። ዘንቢሉን እንደያዘች ቆማ አየችኝ። መስታወቷን አየች። እንደገና እኔን አየች። ቀረበችና ጣቷን ከንፈሬ ላይ አደረገች፤ ያንኑ ጣት የራሷ ላይ።

“አባባ፣ ለምን አልነገርከኝም?”

“አሁንስ መች ነገርኩሽ? ላጨሁ እንጂ።”

“እሺ ማለትህ ነው?”

“ሞቆኝ ነው።”

“አባባ።”

“እሺ” አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ቃሉን ስላልለመድኩት ይሆናል። “የዚያን ቀንም... ያን ያልኩሽን...”

“ተወው።”

እናቷ በሩ ላይ ነበረች። እሷ አልቀረበችም።

“አባዬ፣ ያን ቀን አማቴ ስትሰድበኝ ወንበሩ ላይ ተቀምጠህ ነበር።”

“ተቀምጬ ነበር።”

“አሥራ ዘጠኝ ዓመት።”

“አዎ።”

ወደ ጓሮ ወጣች። ልብስ ስትጨምቅ ሰማሁ። ታጥቦ የተጨመቀ፣ የደረቀ ልብስ ነበር፤ እንደገና አርጥባ ነው የጨመቀችው። ምን ያህል እንደቆየች አላውቅም። ተመልሳ መጣችና አገጬን ያዘች። እጇ ቀዝቃዛ ነው።

“በደንብ አልላጨኸውም። ጥጉን ትተኸዋል። ቀጥ በል፣ አትንቀሳቀስ።”

ምላጩን ከእጄ ወስዳ ጨረሰችልኝ። ስትጨርስ በልብሷ ጫፍ አፌን ጠረገችው፤ ጠረገችና ጨርቁን አነሳችው።

ሰኞ 1

ልብስ ሰፊው ሲያየኝ መርፌው አፉ ላይ ቀረ። “እሺ አለ! ጢሙ ረገፈ!” ብሎ ጮኸ። ከዚያ ተጠግቶ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ይሄን ስፌት የሰፋው ሰው ግን በኔ ሱቅ ሥራ አያገኝም” አለ። ሳቅሁ። አልሸፈንኩም።

ሦስታችንም ሆስፒታል ሄድን፣ ተረጋገጠ። ሐኪሟን ፎርሙን አምጪ አልኳት። “በቤተሰቡ ውስጥ አንድ አለ። እዚህ ተቀምጧል።”

ወደ ብርሃን አዞረችኝ። “ማን ሰፋዎት?”

“አላውቅም። ቸኩሎ ነበር።”

ከዚያ የልጅ ልጄን ጥያቄ ጠየቅኋት። በዘር ሊመጣም ላይመጣም ይችላል አለች፤ እናት ባየችው ወይም በበላችው እንዳልሆነ ግን እርግጥ ነው አለች። “ይህን ለእናቷ ድገሚላት” አልኩ። ደገመችላት። “አንድ ጊዜ ጨምሪ” አልኩ።

“እርስዎንም ላስተካክልዎት እችላለሁ፣ አባቴ” አለችኝ ስንወጣ።

“እምቢ” አልኩ። ሦስቱም ሳቁብኝ።

ማክሰኞ 9

ጠዋት ሁለት ሰዓት ገባች። አልጋው ሲገፋ ጎማው ይጮህ ነበር፣ ዘይት ያስፈልገዋል።

አራት ሰዓት። ምንም የለም።

አምስት ተኩል። ኮሪደሩ ረጅም ነው። ወለሉ ስለተወለወለ ሰው ከእግሩ ሥር ሌላ ሰው አስከትሎ ይሄዳል። ከታች ያሉት አይቸኩሉም።

ልጄ እጄን ይዛለች። ከሕፃንነቷ ወዲህ ይዛው አታውቅም።

ስድስት ከሩብ። ሐኪሟ ወጣች። ቆቧን አወለቀች። “ሥጋ ረስቷል፣ አባቴ” አለች።

ማክሰኞ 16

የአፍንጫዋ ሽፋን ተነሳ። አብጧል፣ ከዓይኗ ሥር ቢጫ ነው። እብጠቱ በደንብ የሚጎድለው ከወራት በኋላ ነው አሉ። ጎድኗ ስትስቅ ያማታል። ልብስ ሰፊው እንዳይመጣ ከለከልኩት።

“አባባ፣ ሐኪሟ መናፈጥ ከልክላኛለች” አለችኝ ቤት ስንገባ።

“እሺ።” (ለምዶብኛል።)

“መላስ ግን አልከለከለችም። ልሞክር?”

ምላሷን አወጣች። አልደረሰም። ጎድኗን ይዛ ሳቀች፣ “ወይኔ!” እያለች ሳቀች። እጇ ጎድኗ ላይ ስለነበር ፊቷን የሚሸፍን እጅ አልነበረም።

ከሰዓት የአዳራሹን ስባሪ ካስቀመጠችበት አወጣሁ። ጥረጊው ስላት አልጣለችውም ነበር። ደህናውን ወገን በአንድ ጭረት ቆረጥኩ። ፍሬም አበጀሁና ቤት ወስጄ የድሮው መስታወት ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ሚስማሩን ያኔ ነቅዬው አልነበረም።

ዓርብ 26

ዛሬ ከምሳ በኋላ ተኝታ ነበር። እኔም ከጣውላው ወዲህ ጋደም አልኩ። ውሃው ቤት መጣ፣ ባዶ ነበር፣ ፀሐይ ገብታበታለች። ልተኛ ስል ነቃሁ።

ፉጨቱ የለም።

ጠበቅሁ። የለም። ተነሳሁ፣ ጫማ አላደረግሁም። በሯ ላይ ቆሜ ጆሮዬን ጣውላው ላይ አደረግሁ። ምንም የለም።  እጄን የበሩ እጀታ ላይ አደረግሁ። አፏ ተዘግቶ፣ በአፍንጫዋ ብቻ፣ ያለ ድምፅ የምትተነፍስ ሰው እዚያ ውስጥ እንዳለች እንዴት ይታወቃል?

ከውስጥ፣ በእንቅልፍ ድምፅ፣

“አለሁ፣ አባባ” አለች። “ሂድ ተኛ።”